የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ገንዘብ ወደ ውሃው ስለ መመለሱ

፩. መግቢያ

ዓሣ ዘሪው ሳይታወቅ አጫጁ የበዛበት ሀብት ነው። ገበሬ ካመረተው እህል ለከርሞ ዘር ያስቀራል፤ ከብት አርቢም ጊደሩን አያርድም። ዓሣ አጥማጅ ግን ዛሬ ለዘር ብሎ የተዋትን ዓሣ ነገ ጎረቤቱ በመረብ እንደሚያወጣት ስለሚያውቅ የሚተውበት ምክንያት አይታየውም። ስለዚህ ውሃው የሁሉ በሆነበት አገር ሁሉ፣ ዓሣው እንዳያልቅ የሚጠብቅ አንድ የጋራ ሥልጣን ማቆምና ለዚሁም ወጪ የሚሆን ገንዘብ መፈለግ ግዴታ ይሆናል። ለዚህ ከሚታሰቡት የገንዘብ ምንጮች አንደኛው ከአጥማጁ የሚሰበሰበው የፈቃድ ክፍያ ነው።

ስለ ፈቃድ ክፍያ ንግግር በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ይሁን?» የሚለው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ሌላውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የተከፈለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? በምንስ ላይ ይውላል? የሚለው ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፣ የፈቃድ ክፍያ ተሻሻለ የሚባለው ልኩ ከፍ ስላለ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ወደ መጣበት ውሃ ሲመለስ ነው። ሲመለስም መጀመሪያ ለቆጠራና ለጥበቃ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የዓሣ ጫጩት አርብቶ ወደ ውሃ ለመጨመር ሊውል ይገባል እንላለን።

ይህንን ለማስረዳት በመጀመሪያ የጣናን ሐይቅ ሁኔታ፣ ቀጥሎም በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ያላትን የአሜሪካን አገር ሕግ፣ በመጨረሻም ከዚያ ልምድ ለጣና የሚስማማውንና የማይስማማውን እናቀርባለን። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፪. የጣና ዓሣና አጥማጆቹ

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥልቅ በሆነበት ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ዐባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከበታች ያሉት ዓሦች ያንን ገደል ዘለው ወደ ሐይቁ ሊገቡ አይችሉም። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ተዘግተው ኖረዋል። በተለይ ነጭ ዓሣ ተብሎ የሚጠራው ወገን ከዚሁ ሐይቅ ውስጥ እየተለያየ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች አውጥቷል፤ እነዚህም ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ አይገኙም።

ለገበያ የሚወጡት የጣና ዓሦች በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለውና ሣር ባለበት ውሃ ይራባል፤ ቶሎም ያድጋል። ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ከዝርያዎቹም ብዙዎቹ ክረምት በገባ ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው በግልገል ዐባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይም ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። የዚህ ጉዞ ዋና ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ አንድ መረብ፣ በሐይቁ መካከል ከተዘረጉ ብዙ መረቦች ይበልጥ ይጎዳል፤ የሚይዛቸው ዓሦች ዕንቁላል የተሸከሙ እናቶች ናቸውና።

ከዚህም በላይ የጉዞው መጀመሪያ ከጾመ ፍልሰታ ጋራ ይገጥማል። በጾም ዓሣ የሚበላና የማይበላ ቢኖርም፣ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ እንደሚደምቅ ማንም ያውቃል። እንግዲህ ዓሣው ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቅ በሚገባው ሳምንት ፈላጊው ይበዛል ማለት ነው።

የአጥማጆቹን ነገር ስንመለከት፣ በቀድሞው ዘመን የጣና ዋነኛ አጥማጆች ወይጦዎች ነበሩ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፉ ከዳር ብዙ ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። በ1986 ግን በውጭ አገር ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። በዚህም ከዳር ርቆ ማጥመድ ተቻለ፤ ለብዙ ሰዎችም ሥራና እንጀራ ተገኘ። ይሁን እንጂ ሊቃውንት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመዘገቡትን በ2000 ገደማ ካገኙት ጋራ ሲያመዛዝኑ፣ ነጭ ዓሣ በብርቱ እንደ ቀነሰ፣ ይልቁንም ገና ያልጎለመሱት ትንንሾቹ እንደ ተመናመኑ ተረድተዋል። ትንንሾቹ ከሌሉ ለነገ የሚሆን የለም። በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም ለአጥማጁ ሌላ መከራ ጨምሮበታል።

መንግሥት በ2003 ባወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315፣ ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲይዝና ሥራውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች እንዲመደቡ ደንግጓል። እንግዲህ ሕግ የለም ለማለት አንችልም። የጎደለው ሕጉን በነሐሴ ዝናብ፣ በጉማራ አፍ ላይ ቆሞ የሚያስፈጽም ሰውና የዚያ ሰው ደመወዝ ነው።

፫. የፈቃድ ሦስት ሥራዎች

ፈቃድ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማኅተም ያለበት ወረቀትና የሚከፈለው ብር ብቻ ነው። በእውነቱ ግን ፈቃድ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉት።

አንደኛው፣ ፈቃድ መዝገብ ነው። በሐይቁ ላይ ስንት ሰው፣ በስንት ጀልባ፣ በምን ያህል መረብ እንደሚያጠምድ የሚታወቅበት መንገድ እርሱ ነው። አጥማጁ ሳይቆጠር የሚጠመደውን ዓሣ መገመት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ ፈቃድ ልጓም ነው። ሊነፈግና ሊታገድ የሚችል ስለ ሆነ፣ በተከለከለ ጊዜና ቦታ ወይም ዐይኑ በጠበበ መረብ የሚያጠምደውን ሰው ለመቅጣት ያገለግላል።

ሦስተኛው፣ ፈቃድ የገንዘብ ምንጭ ነው። በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው ብዙ ስሕተት የሚሠራው። የተለመዱት ስሕተቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ክፍያው ለሁሉ እኩል ሲሆን ነው። በደንገል ታንኳ ሁለት መረብ የሚዘረጋና በሞተር ጀልባ ሃያ መረብ የሚዘረጋ ሰው አንድ ዐይነት ገንዘብ ቢከፍሉ፣ እኩልነት ይመስላል እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው፣ የክፍያው ልክ በደንብ ላይ ከተጻፈ በኋላ ተረስቶ ሲቀር ነው። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ፣ ለምሳሌ ብቻ ባሰብናቸው ቍጥሮች እናስላው። 500 አጥማጆች በያመቱ 100 ብር ቢከፍሉ 50,000 ብር ይሆናል። የአንድ ጠባቂ ወጪ በዓመት 25,000 ብር ቢሆን፣ በዚህ ገንዘብ 2 ጠባቂዎች ይቀጠራሉ። ከ10 ዓመት በኋላ የኑሮ ዋጋ ሁሉ እጥፍ ቢሆንና ክፍያው ግን ባይነካ፣ ያው 50,000 ብር የሚቀጥረው 1 ጠባቂ ብቻ ነው። አንዱ ጠባቂ ይሰናበት ብሎ ያዘዘ ሹም ሳይኖር ጠባቂው ተሰናብቷል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ ገንዘቡ ወደ አጠቃላዩ ግምጃ ቤት ገብቶ ከሌላው ገቢ ጋራ ሲቀላቀል ነው። ያን ጊዜ አጥማጁ የከፈለው ብር ለመንገድ ይሁን ለጽሕፈት ቤት ወንበር እንደ ዋለ ሊያውቅ አይችልም። ሐይቁ ሲደርቅበትና ግብሩ ሲጨምርበት ብቻ የሚያይ ሰው ፈቃድን የሚመለከተው እንደ ሌላ ቀረጥ ነው፤ ቀረጥንም ሰው የሚችለውን ያህል ይሸሻል።

፬. በአሜሪካ የተሠራበት ሕግ

የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ከአጥማጆች የፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመሩት ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ የማዋል ፈተናም በዚያው ልክ የቆየ ነው። ይህንን ለመከልከል መጀመሪያ መንገድ የከፈተው በ1937 ስለ ዱር አራዊት የወጣው ሕግ ነበር። በጦር መሣሪያና በጥይት ላይ ከሚጣለው ቀረጥ ለየክፍለ ሀገሩ ርዳታ እንዲሰጥ ሲወስን፣ ክፍለ ሀገሩ የአደን ፈቃድ ገንዘብን ለሌላ ሥራ እንደማያውል በራሱ ሕግ እንዲያረጋግጥ ግዴታ አኖረ።

በ1950 ደግሞ የሚሺጋኑ እንደራሴ ዲንጀልና የኮሎራዶው ሴናተር ጆንሰን ያቀረቡት ሕግ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ዓሣ አመጣው። በማጥመጃ ዘንግ፣ በክር መጠቅለያና በሰው ሠራሽ ማባበያ ላይ ከዋጋው ከመቶ 10 ቀረጥ እንዲከፈልና ገንዘቡ ለዓሣ ሀብት ብቻ እንዲውል ተወሰነ። በ1984 በተደረገው ማሻሻያ ሌሎች የማጥመጃ ዕቃዎችና የሞተር ጀልባ ነዳጅ ቀረጥ ተጨመሩበት።

የዚህ ሕግ ብልኃቱ በአከፋፈሉ ላይ ይገኛል። ገንዘቡ ለየክፍለ ሀገሩ ሲከፋፈል ከመቶ 60 የሚሆነው የሚደለደለው ፈቃድ በያዙት አጥማጆች ብዛት፣ ከመቶ 40 የሚሆነው ደግሞ በአገሩ ስፋት ነው። ስለዚህ አጥማጆቹን በትክክል የመዘገበ ክፍለ ሀገር ይጠቀማል። ለተፈቀደ ሥራ ከሚወጣው ወጪ ማዕከላዊው መንግሥት እስከ ከመቶ 75 ሲከፍል፣ ክፍለ ሀገሩ ቢያንስ ከመቶ 25 ከራሱ ያወጣል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከፈቃድ ገንዘብ የሚገኝ ነው። አጥማጁ የከፈለው 1 ዶላር ሦስት ዶላር ይጠራል እንደ ማለት ነው። የፈቃድ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ያዋለ ክፍለ ሀገር ግን፣ ያዋለውን እስኪተካ ድረስ ከርዳታው ይከለከላል። ክልከላው በምክር ብቻ ሳይሆን በጥቅም ስለ ታሰረ ጸንቶ ኖሯል።

ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ ክፍላተ ሀገር በፈቃዱ ላይ የሚለጠፍ ልዩ ቴምብር ያሸጣሉ። ለምሳሌ የዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በ1970ዎቹ መጨረሻ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምዱ ያወጣው ቴምብር፣ ገቢው የዚያው ዓሣ መኖሪያ የሆኑትን ጅረቶች ለማደስ እንዲውል የተወሰነ ነው። አጥማጁ የገዛውን ነገር በጅረቱ ዳር ሄዶ ሊያየው ይችላል።

፭. ጫጩት መጨመር መቼ ይጠቅማል?

ገንዘብ በተገኘ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ሰው ልብ የሚመጣው ጫጩት አርብቶ ውሃ ውስጥ መልቀቅ ነው። ለዐይን ያማረ ሥራ ነው፤ ሹሙ በበርሜል የመጣውን ጫጩት ሲለቅ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጥቅሙ ግን እንደ ውሃው ሁኔታ ይለያያል።

በሞንታና ክፍለ ሀገር ለብዙ ዓመታት በጣቢያ የተራቡ ትራውቶች ወደ ወንዞች ይጨመሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዲክ ቪንሰንት የተባለ የክፍለ ሀገሩ የዓሣ ሊቅ በማዲሰን ወንዝና በኦዴል ጅረት ላይ ባደረገው ጥናት ያልታሰበ ነገር ተገኘ። ጫጩት መጨመሩ በተቋረጠበት ቦታ በወንዙ ውስጥ የተወለዱት ዓሦች በዙ፤ ጫጩት በተጨመረበት ቦታ ግን ቀነሱ። ከጣቢያ የመጡት በምግብና በቦታ እየተሻሙ ነባሮቹን ያውኩ ነበርና። ከዚህ የተነሣ ሞንታና በ1974 ትራውት በራሱ በሚራባባቸው ወንዞች ጫጩት መጨመርን አቆመ። ለዓሣ ተብሎ የወጣው ገንዘብ ዓሣውን ሲጎዳ ኖሯል ማለት ነው።

በሌላ በኩል በአሜሪካና በካናዳ መካከል ያሉትን ታላላቅ ሐይቆች እንመልከት። ከባሕር በቦይ የገባው ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ ዓሣ የሐይቁን ትራውት አጥፍቶት ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በ1955 የጋራ ኮሚሲዮን አቋቋሙ፤ ከ1958 ጀምሮም የላምፕሬዩን ልጆች በጅረቶች ውስጥ በመድኃኒት መግደል ተጀመረ። ጠላቱ ከቀነሰ በኋላ ጫጩት መጨመር ፍሬ ሰጠ፤ የሚሺጋን ክፍለ ሀገርም በ1966 የጨመረው ኮሆ ሳልሞን ብዙ አጥማጆችን ወደ ሐይቁ መለሰ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ የጥፋቱ ምክንያት ታወቀ፤ ቀጥሎ ምክንያቱ ተያዘ፤ ከዚያ በኋላ ጫጩት ተጨመረ።

በአገራችንም ጫጩት መጨመር አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቋል፤ በ1970ዎቹም ቆሮሶ ወደ ሐይቅ ተወስዶ ለወሎ ሰዎች ምግብ ሆኗል። በሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ጫጩት እያራባ ያከፋፍላል። ዓሣ በሌለበት ግድብና ኩሬ ይህ መልካም ሥራ ነው።

በጣና ግን ነገሩ ሌላ ነው። የነጭ ዓሣ ችግር የጫጩት እጦት ሳይሆን እናቶቹ ዕንቁላል ሳይጥሉ መያዛቸው ነው። አንዲቱ እናት በጉማራ ጠጠር ላይ ብትደርስ የምትጥለውን ዕንቁላል ብዛት ያህል ጫጩት በጣቢያ ለማሳደግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወንዙ ግን ይህንን ያለ ደመወዝ ይሠራል። ደግሞም በሐይቁ ውስጥ የተለያዩትን ዝርያዎች ለይቶ ሳያውቁ አንዱን ብቻ አብዝቶ መልቀቅ፣ ወይም ከውጭ እንግዳ ዓሣ ማምጣት፣ ተመልሶ የማይታረም ጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

፮. ለጣና የሚስማማ ማሻሻያ

የአሜሪካው አጥማጅ አብዛኛውን ጊዜ ለመዝናናት የሚያጠምድ፣ እንጀራው ግን በሌላ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። የጣናው አጥማጅ የልጆቹ እራት ከመረቡ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ሕጉን እንዳለ መቅዳት አይገባም። መሠረቱን ይዘን ለአገራችን እንዲስማማ ብናደርገው የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ. ክፍያው በመሣሪያው ልክ ይሁን። በታንኳ የሚያጠምድ ለመዝገብ ያህል ጥቂት ይክፈል፤ የሞተር ጀልባ ባለቤት በመረቡ ርዝመት ይጨምር። ከዓሣው ከአጥማጁ ይልቅ የሚያተርፈው ነጋዴም ከባሕር ዳርና ከጎርጎራ ወደቦች በሚያነሣው ኪሎ ልክ ድርሻውን ያውጣ።

ለ. የመክፈያው ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። አጥማጁ በዐቢይ ጾም ገበያ ገንዘብ ያገኛል፤ በክረምት ግን እጁ ባዶ ነው። በባዶ እጁ ክፈል የተባለ ሰው ከሕግ ለመሸሽ ይገደዳል።

ሐ. ገንዘቡ በልዩ ሒሳብ ይቀመጥ። የገቢውና የወጪው ዝርዝርም በያመቱ በየወደቡ በሚነበብ ጽሑፍ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በጉባኤ ይነበብ። መንግሥት አጥማጁ በከፈለው ላይ የራሱን ቢጨምርበት፣ አሜሪካኖች እንዳደረጉት፣ ጥቂቱ ይበረክታል።

መ. የወጪው ቅደም ተከተል በደንብ ይጻፍ። አንደኛ በየወደቡ የሚወጣውን ዓሣ በዐይነትና በክብደት መመዝገብ፤ ሁለተኛ በነሐሴና በመስከረም የወንዞቹን አፍ መጠበቅ፤ ሦስተኛ ለግድቦችና ለኩሬዎች ጫጩት ማራባት ይሁን። ለጥበቃው ሥራ አጥማጆቹ ራሳቸው ቢቀጠሩ፣ በተከለከለው ወር የሚያጡትን ገቢ በከፊል ያገኙበታል፤ የወንዙንም አፍ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሠ. የእምቦጭ ማጥፊያ ወጪ ከዚህ ገንዘብ አይነካ። እምቦጭ የአገር ሁሉ ጠላት ስለ ሆነ ወጪውም የአገር ሁሉ ነው። በጎ ዓላማም ቢሆን ሣጥኑን ባዶ ካደረገው፣ ውጤቱ በክፉ ዓላማ ከባዶነቱ አይለይም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። አንደኛው የገንዘብ አስተዳደር አዋቂዎች የሚያነሡት ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ገቢ ለራሱ ካስቀረ መንግሥት ለባሰው ችግር የሚያውለው ገንዘብ ያጣል ይላሉ። ይህ በአጠቃላዩ ትክክል ነው። ነገር ግን የፈቃድ ክፍያ ግብር ሳይሆን አጥማጁ ለሚጠብቀው አገልግሎት የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ አገልግሎቱ ከቀረ ዋጋውም ምክንያት የለውም። ሁለተኛው ተቃውሞ ድሀን ማስከፈል አይገባም የሚል ነው። ይህንን እኛም ከልብ እናስብበታለን፤ ክፍያው በመሣሪያ ልክ ይሁን ያልነውም ስለዚሁ ነው። ሆኖም ዓሣው ቢያልቅ ባለ ሞተሩ ጀልባውን ሸጦ ወደ ሌላ ንግድ ይዞራል፤ ባለ ታንኳው ግን የሚዞርበት የለውም። ጥበቃው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ሰው ነው።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳስረዳነው፣ የፈቃድ ክፍያ ልኩ ትንሽ ቢሆንም ወደ ውሃው የሚመለስ ከሆነ መዝገብም፣ ልጓምም፣ ገንዘብም ይሆናል። ልኩ ትልቅ ሆኖ በሌላ መንገድ የሚሄድ ከሆነ ግን አጥማጁን ያስመርራል እንጂ ዓሣውን አያድንም። ጫጩት መጨመርም በቦታው መልካም ሆኖ ሳለ፣ የጥበቃን ሥራ ሊተካ አይችልም።

አባቶቻችን ዓሣን መብላት በብልኃት ነው ይላሉ። እነርሱ ያሰቡት አጥንቱን ነበር፤ ዛሬ ግን ብልኃቱ ከማዕዱ በፊት፣ በወንዙ አፍ ላይ መጀመር አለበት። በጣና የሚጠፋውን የነጭ ዓሣ ዝርያ ከሌላ ሐይቅ አምጥተን ልንተካው አንችልም፤ ሌላ ሐይቅ የለውምና። የኢኮኖሚ፣ የሕግና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ይህንን ጥያቄ በየትምህርታቸው በኩል እንዲመረምሩት፣ መምህራኖቻችንም የተሳሳትነውን እንዲያርሙልን በትሕትና እንጠይቃለን።